የተቆጣ ደም

በዋጃ ቆላ አንድ ልጅ ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ ጥርጣሬውም ትክክል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በቆቦና በአላማጣ መካከል በተዘረጋው የራያ ሜዳ፣ ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ማሸት ሲጀምር ትንኟም ትበዛለች። ልጁ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፣ ጣቱ ይወጋል፣ ጠብታ ደም መመርመሪያዋ ላይ ይደረጋል። አንድ መስመር ብቻ ከወጣ «ወባ የለበትም» ይባላል።

ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ወባው የለም፤ ትኩሳቱ ግን አለ። ልጁ ከትናንት ወዲያ ቀኝ ጉልበቱ አብጦ መራመድ አቅቶት ነበር። ዛሬ ጉልበቱ ደህና ሆኖ ግራ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ያለቅሳል። ቤት ያሉት ትልልቅ ሰዎች «ቁርጥማት ነው» ይላሉ፤ «ብርድ መትቶት ነው» የሚልም አይጠፋም። ነገሩን የሚያውቅ ሐኪም ግን ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘል ሕመም ሲነገረው ጆሮው ይቆማል። ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ከጉልበት ጋር ምንም የሚያገናኘው አይመስልም፤ «ከሁለት ከሦስት ሳምንት በፊት ጉሮሮውን አሞት ነበር?»

እናቱ ታስታውሳለች። አሞት ነበር። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ታሽቶለት ነበር። በሌላ ቤት ቢሆን እንጥሉ ይቆረጥ ወይም ቶንሲሉ ይቧጠጥ ነበር። ሁለቱም ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ከመዳረግ በቀር ጀርሙን አያጠፉትም። ጀርሙ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል፤ ዝርያው «ኤ» ከሚባለው ምድብ ነው። ጉሮሮን ለጥቂት ቀናት አቁስሎ ይሄዳል። ሰውነት ግን አልረሳውም።

የጀርሙ ልባስ ላይ «ኤም» የሚባል ፕሮቲን አለ፤ አሠራሩ የልብ ጡንቻ ውስጥ ካለው ማዮሲን ጋር ይመሳሰላል። የሰውነት መከላከያ ጀርሙን ለመምታት የሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላትና ሕዋሳት ይህን መመሳሰል መለየት ሲያቅታቸው ወገናቸውን መውጋት ይጀምራሉ። መገጣጠሚያ ላይ ያረፈው ጥቃት ያሳብጣል፣ ያሳምማል፣ ከሳምንታት በኋላ ግን ምንም ጠባሳ ሳይተው ይለቃል። ልብ ላይ ያረፈው አይለቅም። የልብ በሮች ይወፍራሉ፣ ይጨማደዳሉ፤ በተለይ በግራ በኩል ያለው ማይትራል የሚባለው በር አንድም አልዘጋ፣ አንድም አልከፈት ይላል። በሽታው የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ የሚተወው ጉዳት ደግሞ የሩማቲክ የልብ ሕመም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 55 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ የልብ ሕመም ጋር ይኖራሉ፤ በየዓመቱ 360,000 ያህሉ ይሞታሉ።

መከላከያው ራሱን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች ብዙ ናቸው፤ ሉፐስ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ዓይነት 1 ስኳር። በኢትዮጵያ ገጠር ልጆችን በብዛት የሚቀጥፈው ግን ይህ ከጉሮሮ የሚነሣው ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸግረውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም «ይኸው እሱ ነው» ብሎ ጣቱን የሚቀስር አንድ የደም ምርመራ እስካሁን አልተገኘለትም።

ሐኪሞች ባዮማርከር የሚሉት፣ በአማርኛ ጠቋሚ ልንለው የምንችለው፣ በደም ወይም በሌላ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ተለክቶ የበሽታን መኖር የሚያመለክት ነገር ነው። ጠቋሚዎቹን ለሁለት ከፍሎ ማየት ነገሩን ያቀልላል። አንዱ ወገን ሰውነት መቆጣቱን ብቻ ይናገራል፤ ሌላው ወገን ማን እንዳስቆጣው ለመናገር ይሞክራል። «መቆጣት» የሚለው ቃል ራሱ ግሩም ነው። አማርኛ ቁስል ሲቀላ፣ ሲሞቅ፣ ሲያብጥና ሲያም «ተቆጣ» ይላል። ሮማዊው ሴልሰስ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የመዘገባቸው አራቱ ምልክቶችም እነዚሁ ናቸው።

ቁጣን ከሚለኩት ሁሉ አንጋፋው ኢኤስአር ነው። ኮምፒውተርም ውድ ማሽንም አይፈልግም። ከ0 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ ቱቦውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማቆሚያ፣ አንድ ሰዓትም ይበቃዋል። ደሙ እንዳይረጋ ሲትሬት ይቀላቀልበትና ቱቦው ውስጥ ይሞላል። ከዚያ ማንም አይነካውም። ቀዩ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከላዩ ገለባ የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ እየጠራ ይመጣል። ሰዓቱ ሲሞላ የላቦራቶሪ ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ቢጫና ቀዩ የሚለያዩበትን መስመር ያነባል። በጤነኛ ልጅ ቀዩ የሚወርደው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ደም ግን 60 ወይም 100 ሊወርድ ይችላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን አብዝቶ ወደ ደም ይለቃል። ቀይ የደም ሕዋሳት በዚህ ፕሮቲን ምክንያት እርስ በርሳቸው ይጣበቁና ሌማት ላይ እንዳለ እንጀራ ይደራረባሉ። የተደራረበው ከነጠላው ፈጥኖ ይሰምጣል። ነገሩን በ1897 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያስተዋለው ፖላንዳዊው ኤድመንድ ቢየርናትስኪ ነው። ስዊድናዊው ሮቢን ፎሬዎስ በ1918 እንደገና ሲያገኘው የእርግዝና ምርመራ ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ የነፍሰ ጡር ደምም ፈጥኖ ይወርዳልና። አሳቡ አልተሳካም፣ ምክንያቱም የታማሚም ደም እንዲሁ ይወርዳል። ከመቶ ዓመት በኋላም የኢኤስአር ድክመት ይኸው ነው። ወባ ያስወርደዋል፣ ቲቢ ያስወርደዋል፣ የደም ማነስ ያስወርደዋል። ይባስ ብሎ ልቡ በጣም የደከመ ልጅ ላይ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊዋሽ ይችላል፤ ማለትም በሽታው እጅግ በከፋበት ሰዓት።

ታናሽ ወንድሙ ሲአርፒ በ1930 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም፣ በሳንባ ምች ታማሚዎች ደም ውስጥ ተገኘ። ይህ ፈጣን ነው። ቁጣው በጀመረ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ መጨመር ይጀምራል፤ ቁጣው ሲበርድም ወዲያው ይወርዳል። ኢኤስአር ግን ለሳምንታት ይንጠለጠላል። ከዚህ በተረፈ ሲአርፒም ቤቱ መቃጠሉን እንጂ ክብሪቱን ማን እንደጫረ አይናገርም።

አንድ ጠቋሚ ካልበቃ ምን ይደረግ? የቦስተኑ ሐኪም ዳኬት ጆንስ በ1944 የሰጠው መልስ የምስክር ቆጠራ ይመስላል። ከኋላ ማሻሻያዎች ጋር ዛሬ አምስት ዋና ዋና ምልክቶች ይቆጠራሉ፤ የልብ መቆጣት፣ የመገጣጠሚያ ማበጥ፣ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ቆዳ ላይ የሚወጣ ቀለበት የመሰለ ሽፍታ፣ ከቆዳ ሥር የሚቋጠሩ ጓጎላዎች። ትኩሳት፣ የኢኤስአርና የሲአርፒ ቁጥር የመሳሰሉት ደጋፊ ምስክሮች ናቸው። ሁለት ዋና፣ ወይም አንድ ዋናና ሁለት ደጋፊ ምልክቶች ተገኝተው በዚያ ላይ ጀርሙ ቀደም ብሎ ማለፉ ከተረጋገጠ በሽታው የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል።

መመዘኛው በየጊዜው ተሻሽሏል። የ2015ቱ ማሻሻያ ያመጣው ለውጥ ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል፤ ቁጥሩን እንደ አገሩ ለየው። በሽታው ብርቅ በሆነበት አገር ኢኤስአር የሚቆጠረው 60 ሲሞላ ነው። በሽታው በሚበዛበት አገር 30 ይበቃል። በዚያ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ቢያብጥ ዋና ምልክት አይባልም፤ በዚህ ይባላል። ቱቦው ያው ነው፣ ደሙም ያው፤ 40 ያነበበ ቱቦ ቦስተን ላይ ዝም ሲባል ዋጃ ላይ ግን ይቆጠራል። ብዙ ሰው የላቦራቶሪ ቁጥር እንደ ሚዛን ድንጋይ የትም ቦታ አንድ ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን የሚነበበው ከአካባቢው ጋር ነው። ኢትዮጵያ የምትመደበው ከየትኛው እንደሆነ ጥርጥር የለውም። በ2016 የታተመ፣ በተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች ከ3,000 በላይ ተማሪዎችን ልብ በአልትራሳውንድ ያየ ጥናት ከ1,000 ተማሪዎች 19 ያህሉ ላይ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምልክት አግኝቷል። አብዛኞቹ እንዳለባቸው የሚያውቁ አልነበሩም።

ጀርሙ ቀደም ብሎ ማለፉን የሚያረጋግጠው ኤኤስኦ የሚባለው ምርመራ ነው። ሰውነት በስትሬፕቶኮከስ መርዝ ላይ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ይፈልጋል። አሠራሩ ለዓይን ደስ ይላል። አንድ ጠብታ ሴረም ጥቁር ክብ በተሣለበት ካርድ ላይ ይደረጋል። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ በእንጨት ይበጠበጣል፤ ካርዱ ለሁለት ደቂቃ በእጅ ይወዛወዛል። ወተቱ ለስላሳ ሆኖ ከቆየ ምንም የለም። እንደተበላሸ ወተት ቋጠር ቋጠር ካለ ፀረ እንግዳ አካሉ አለ። ነገር ግን ጉሮሮ በየጊዜው በሚታመምበት አገር ጤነኛ ልጆችም ቋጠር የሚል ደም ይዘው ይሄዳሉ። ኤኤስኦ ዱካ ነው። የራያ እረኛ ዱካ ሲያይ ጅብ ማለፉን ያውቃል፤ ፍየል መበላቷን የሚያውቀው ግን ቆጥሮ ነው።

ዱካን በሽታ አድርጎ የማየትን ስሕተት አገራችን በሌላ መልኩ በደንብ ታውቀዋለች። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ሰው የት ይገኛል? ዊዳልና ዌል ፊሊክስ የሚባሉት ምርመራዎች፣ አንዱ በ1896 ሌላው በ1916 የተፈለሰፉ፣ በካርድ ላይ ቋጠር በማለት የሚነበቡ ናቸው። የቆየ ኢንፌክሽን፣ ወባም ጭምር፣ ቋጠር ሊያስብላቸው ይችላል። ብዙ መድኃኒት በከንቱ ተውጧል። በሉፐስ ምርመራም እንዲሁ ነው። ኤኤንኤ የሚባለው ጠቋሚ ሉፐስ ያለባቸው ሰዎች ሁሉ ላይ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይገኛል፤ ነገር ግን በ1997 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ደሙ 40 ጊዜ ብቻ ቀጥኖ ከታየ ከጤነኞች ሲሶ ያህሉም ላይ ይገኛል። 160 ጊዜ ቀጥኖ ከታየ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለውም ከአርትራይተስ ሌላ በቲቢና በቃላዛር ታማሚዎች ደም ውስጥ ይታያል።

ወባና ራስን የማጥቃት በሽታ ደግሞ የቆየ ነገር አላቸው። ናይጄሪያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ብራያን ግሪንውድ በ1968 እነዚህ በሽታዎች በዚያ አገር ለምን ብርቅ ሆኑ ብሎ ጠየቀ፤ ጥገኛ ተውሳኮች መከላከያውን ሥራ አስይዘውት ይሆን ሲልም ጠረጠረ። በኋላም ከባልደረቦቹ ጋር ሉፐስ መሰል በሽታ የሚይዛቸውን አይጦች በወባ ሲለክፍ በሽታው ተዳከመ። ይህ ወባ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ወባ ይገድላል። የቆላ ሰው ደም ከፈረንጅ መጽሐፍ ጋር ሁልጊዜ የማይገጥመው ለምን እንደሆነ ግን ፍንጭ ይሰጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ ሌላ የቁጣ ዓይነትም አለ። እዚህ መከላከያው ወገኑን ከጠላት አላምታታም፤ ጭራሽ ጠላት ሳይመጣ ጥሩምባ ይነፋል። የሜዲትራኒያን የቤተሰብ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ታዋቂው ምሳሌ ነው። በአርመኖች፣ በቱርኮች፣ በአይሁዶችና በዐረቦች ዘንድ ይበዛል። ከግማሽ ቀን እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ ትኩሳትና ከባድ የሆድ ሕመም ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። በትኩሳቱ ቀን ሲአርፒ ይሰቀላል፤ የራስ ጥቃት ፀረ እንግዳ አካል ቢፈለግ ግን አይገኝም። ጠቋሚው ያለው በዘር ላይ ነው፤ በ1997 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በየፊናቸው ያገኙት ኤምኢኤፍቪ የሚባል ጂን። በሽታው ከ1972 ጀምሮ ኮልቺሲን በሚባል ጥንታዊ የሪህ መድኃኒት ይገታል። እየተመላለሰ የሚመጣ ትኩሳት በወባና በግርሻ አገር ምን ሊባል እንደሚችል አንባቢ መገመት አያቅተውም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ትልቁን ወሬ የሚናገረው የጠቋሚው አለመኖር ነው። ወጣት ሰው ስኳር ይዞት ያለ ኢንሱሊን መኖር ካቃተው ዓይነት 1 ነው ይባላል፤ መከላከያው የቆሽትን ኢንሱሊን አምራች ሕዋሳት ፈጅቷቸዋል ማለት ነው። ማስረጃው ጋድ በሚባለው ኢንዛይም ላይና በመሰሎቹ ላይ የሚሠሩ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። የጎንደሯ ሐኪም ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ግን በ2009 በጎንደርና በጅማ ገጠር ስለሚታዩ ኢንሱሊን ፈላጊ ታማሚዎች ሲጽፉ፣ ታማሚዎቹ ደሃ፣ ቀጫጭን፣ አብዛኞቹም ወንዶች መሆናቸውን አይተው ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘ ስኳር የሚባለው ፋይል ዳግም ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያንን ስም በ1985 መዝግቦት በ1999 ሠርዞት ነበር። በ2025 በካሜሩን፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ 894 ወጣት ታማሚዎችን ያየ ጥናት ዓይነት 1 ከተባሉት 65 በመቶ ያህሉ ላይ የራስ ጥቃት ፀረ እንግዳ አካል እንዳልተገኘ አሳየ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» የሚል ስም ለምግብ እጦቱ ስኳር ሰጠ።

ለራያ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅ ዓለም ያየው የኮረም መጠለያ ከዚህ ሜዳ በላይ ካለው ተራራ ላይ ነው። ተመራማሪው ጌታቸው አራጌና ባልደረቦቻቸው በራያ ቆቦ ወረዳ ያንን ረሀብ በማኅፀን ወይም በሕፃንነታቸው ያለፉ ሰዎችን ከሌሎች ጋር አነጻጽረው ባሳተሙት ጥናት፣ ረሀቡ የአዋቂ ቁመታቸው ላይ ሳይቀር እንደሚነበብ አሳይተዋል። ቁመትም ጠቋሚ ነው፤ ለመለካት አንድ ሜትር ይበቃል።

ወደ ልጁ እንመለስ። መገጣጠሚያው ከለቀቀው ከወራት በኋላ አንዳንድ ልጆች፣ በተለይ ልጃገረዶች፣ እጃቸው ሳያዙት መወራጨት ይጀምራል። ብርጭቆ ይወድቅባቸዋል፣ ጽሑፋቸው ይበላሻል፣ ፊታቸው ይጨማደዳል፤ ሲተኙ ይቆማል። በእንግሊዛዊው ሐኪም በሲደናም ስም የሚጠራው ይህ ምልክት የሩማቲክ ትኩሳትን ብቻውን ሊያሳውቅ የሚችል ነው። ሆኖም እሱ በሚታይበት ጊዜ ኢኤስአሩ ወርዷል፣ ኤኤስኦውም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ሁሉ «ደህና» ይላል። ቤተሰቡ ወደ ጸበል ወይም ወደ ዱዓ ቢሄድ አይፈረድበትም፤ እዚያው እያለ ልጅቷ ልቧን በአልትራሳውንድ የሚያይላት ካገኘች ግን ብዙ ነገር ይለወጣል።

ያንን ማሽን ሳያገኙ ዘግይተው የደረሱት ልጆች የኢትዮጵያን ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ አስጨንቀዋል። ከበደ ኦሊና ጅላሉ አስመራ በ2004 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ በሽታው እዚህ አገር የባሰ ጨካኝ ይሆን እንዴ ብለው ጠይቀዋል። የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን አቋቁመው ልጆችን ወደ ውጭ ሲልኩ ኖሩ፤ በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። በ2015 የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች እዚያው አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ተሰብስበው በሽታውን ከአህጉሩ ለማጥፋት የጋራ መግለጫ አወጡ፤ በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤም ተከተለ።

መድኃኒቱ ግን የአያቶች ዘመን ነው፤ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። ለትልቅ ልጅ 1,200,000 ዩኒት፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ ለዓመታት፤ ልቡ ከተነካ እስከ ጉልምስና ድረስ። በሰሜን ኡጋንዳ ጉሉ ሕመማቸው በአልትራሳውንድ ብቻ የታወቀ 818 ልጆች ለሁለት ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል። መርፌውን ከወሰዱት ውስጥ የባሰባቸው 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ ወደ 2021 መጨረሻ ሲወጣ መርፌው ቀድሞ ከተጀመረ እንደሚሠራ ተረጋገጠ።

መርፌው ያማል። ፈሳሹ ወፍራም ነው፣ ቀዝቃዛ ከሆነ መርፌውን ይደፍናል፤ ነርሶች በመዳፋቸው ያሞቁታል። ልጁ ሲወጣ ያነክሳል። ሁለተኛው ወር ላይ ኢኤስአሩ እንደገና ሲለካ ቀዩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ወርዷል። ትኩሳቱ የለም፣ ጉልበቱ ደህና ነው፣ ኳስ ይጫወታል። ብዙ ቤተሰብ መርፌውን የሚያቆመው በዚህ ሳምንት ነው፤ ቱቦው «ድኗል» ያለ ስለሚመስል። ቱቦው ያለው ግን ዛሬ ቁጣ የለም ብቻ ነው፤ ስለሚመጣው የጉሮሮ ሕመም የሚያውቀው ነገር የለም። ነርሷ ካርዱ ላይ ከዛሬ 28 ቀን በኋላ ያለውን ቀን ትጽፋለች፤ እናቱንም ቀኑ ከገበያ ጋር ይገጥም እንደሆነ ትጠይቃታለች።